ሳያይ የሚከፍተው በር

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ኮምፒውተር በለመዱበት ዘመን፣ እመት አህያ ውርንጭላዋን ከአያ ጅቦ የምትሸሽግበት አጥታ ነበር። ሁለቱን ታላላቆቿን በልቶባታል፤ የቀረቻት ይቺው አንዲት ናት። እመት ጦጣ አዘነችላትና «አይዞሽ፣ ራሱ አይቶ የሚከፍት በር እሠራልሻለሁ» አለቻት።

እንዲህ ብላም ፕሮግራም ጻፈችለት፦ «በተንኳኳ ቁጥር በቀዳዳው እይ። ጅብ ከሆነ አትክፈት። ሌላ ከሆነ ክፈት።»

በሩ ግን የጦጣን ቋንቋ አይሰማም። ወደ እሱ ቋንቋ የሚመልስ ኮምፓይለር ያስፈልጋል፤ ያ ሥራ ደግሞ የቀበሮ ነው። ቀበሮ ማሳጠር ሲሏት ነፍሷ ነው!

«በተንኳኳ ቁጥር? ውይ፣ ምን ያለ ልፋት ነው!» አለች እየሳቀች። «የመጀመሪያውን እንግዳ ይመልከት፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ ይክፈት።» ለጦጣ እንኳ ሳትነግር ቆረጠችው።

ተሞከረ። አህያ አንኳኳች፤ በሩ አይቶ ከፈተ። ደግማ ብታንኳኳ ገና እግሯን ሳታወርድ ተከፈተ። ግቢው በጭብጨባ ቀለጠ። «እንዴት ያለ ፍጥነት ነው እናንተ!»

በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አያ ጅቦ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ የፍየል ድምፅ ሲለማመድ ከርሟል። አንኳኳና ጉሮሮውን ሲጠርግ በሩ ወለል አለ።

«ኧረ ቆይ! ገና ‹ሜ› እንኳ አላልኩም!»

አህያ ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር ወሸቀች። ከጦጣ ጋር ግቢ ውስጥ የነበረችው ቀበሮ በጅቡ እግሮች መካከል ሾልካ ወደ ውጭ ፈረጠጠች። ጅቡ ለሃጩን እያዝረበረበ ውርንጭላዋን አየ፤ በሩንም አየ።

«ሳይታለል የሚከፈት በር? ወጥመድ ነው! እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ በደንቡ አታልዬ ነው የምገባው» ብሎ ተመልሶ ወጣ። በሩም ተዘጋ።

ጦጣ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። «የኔ እኮ ልክ ነው! ምን ነካው?» ከዚያ ቀበሮ የተረጎመችውን ገለጠች። «በተንኳኳ ቁጥር» የሚለው የለም! «አንቺ ቀበሮ፣ ምነው ጉድ ሠራሽኝ!» እያለች ወደ ቦታው መለሰችው።

ቋ ቋ ቋ! «ሜ... ሜ...»

«ጅብ ነህ፤ አልከፍትም» አለ በሩ።

«እንዴ! ቅድም ወዳጅ አልነበርንም?» አለ አያ ጅቦ ሆድ ብሶት። ዞር ሲል ቀበሮን ከቁጥቋጦ ሥር አያት። እሷም ተፈትልካ መጥታ በሩን ደበደበችው።

«ክፈት! ቶሎ በል!»

«ቆይ፣ ልይሽ።»

«ኧረ ቀበሮ ነኝ! ማየቱ ይቅርብህ!»

«አንቺስ ቀበሮ ነሽ። ከኋላሽ ያለው ግን ጅብ ነው፤ አልከፍትም።»

ቀበሮ በአጥሩ ሥር ባለች ጠባብ ሽንቁር እንደምንም ሾልካ ገባች፤ ጭራዋ ግን በጅቡ አፍ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ሥራን ማፋጠን መልካም ቢሆንም፣ ለምን እንደተጻፈ ሳንጠይቅ የቆረጥነው ነገር ጦሱ ለራሳችን እንደሚተርፍ ነው።