ለምሳሌ ያህል ሚዳቋ

በእኛ ጫካ ማንም ያለ ሕግ አይበላም። ይህን የምለው በኩራት ነው፤ ቢያንስ ቀድሞ በኩራት ነበር የምለው። በአያቶቻችን ዘመን አንበሳ ሲርበው ይወጣና ያገኘውን ይበላ ነበር። የተበላውም ለምን እንደተበላ ሳይነገረው ይሄድ ነበር። የአሁኑ ንጉሣችን አባት ዘውድ በደፉ ዓመት ግን ዐዋጅ ተነገረ፦ ከእንግዲህ ማንኛውም የጫካው ነዋሪ የሚበላው ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ቃሉ ተሰምቶ፣ በሕግ ብቻ ነው ተባለ። ያን ዕለት አያቴ ከደስታዋ ብዛት እሾኋን አርግፋ ነበር ይባላል። እኛ ጃርቶች ደስታችንንም ሆነ ፍርሃታችንን መደበቅ አንችልም።

ሕግ ካለ የሕግ ትምህርት አይቀርምና ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሦስት መምህራን ነበሩን። አንደኛው ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያውቁት መምህር ዔሊ ናቸው። «ሕግ ንጉሥ ከመንገሡ በፊት ነበረ» ይሉናል አንገታቸውን አስግገው። «ፈጣሪ እያንዳንዱን ፍጥረት ሲሠራ ትክክሉንና ስሕተቱን አብሮ በልቡ አስቀምጦለታል። ከዚያ ጋር የሚጣላ ዐዋጅ ጩኸት እንጂ ሕግ አይባልም።» ይህን ሲሉ ዓይናችን እንባ ያቀርር ነበር። የጅብ ኮቴ የተሰማ እንደሆነ ግን ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ቅርፊታቸው ይገባሉ፤ እኛም እስኪወጡ ድረስ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

አለቃ ዝንጀሮ በዚህ ይስቃሉ። ለእሳቸው ሕግ ማለት ባለ ሥልጣን የተናገረው፣ እምቢ ያለው የሚቀጣበት ቃል ነው። «መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ለመነኩሴ ተዉት። የእናንተ ሥራ ታውጇል ወይስ አልታወጀም ብሎ መጠየቅ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉና ቅማላቸውን መልቀም ይቀጥላሉ። ሦስተኛዋ እመት ቀበሮ ደግሞ በሁለቱም ይስቃሉ። «ልጆቼ፣ ሕጉ ምን ይላል እያላችሁ አትድከሙ። ዳኛው ማነው? ቁርሱን በልቷል? ከማን ጋር ተጣልቶ አደረ? ይህን ያወቀ ሕጉን አወቀ። ሕግ ማለት ዳኛው ነገ የሚያደርገው ነው።» የእሳቸው ክፍል ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ ሳቅ የማይወድ ተማሪ የለም።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የላቀችው ትርንጎ የምትባል ሚዳቋ ናት። እንደ ሚዳቋ ወግ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ መንጋ የላት፣ ልጅ የላት። ጥያቄ ግን አላት። አንድ ቀን አለቃ ዝንጀሮን፣ «የታዘዘና የሚያስቀጣ ሁሉ ሕግ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ነብር ይዞኝ ‘ቁሚ’ ቢለኝ ያ ሕግ ነው?» አለቻቸው። ጥያቄዋን የማይወዱት አለቃ፣ «ነብሩ ማኅተም አለው?» ብለው አለፏት። መምህር ዔሊንም፣ «ትክክሉ በሁላችን ልብ ካለ፣ ዳኛ ሲመጣ ለምን ይጠፋናል?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህሩ ጥሩ ጥያቄ ነው አሉና ትምህርቱ በዚያው አበቃ።

አንድ ልማድ ነበረን። ስንከራከር ሁልጊዜ ከመካከላችን አንዱን ምሳሌ እናደርጋለን። ለምሳሌ ያህል ከርከሮ የድኩላን ግጦሽ ቢግጥ፣ ለምሳሌ ያህል ጃርት የጎሽን መንገድ ቢቆፍር እንላለን። ምሳሌ የሆነውም ይስቃል እንጂ አይቀየምም። በምሳሌ የተቀጣ አልነበረማ።

ከዚያ የንጉሡ ታፋ ጠፋ። ለበዓል ተብሎ ከዋሻ የተቀመጠ ሙሉ የጎሽ ታፋ ነው። የዋሻው ዘበኞች ጅቦች ናቸው። የጫካው አፈ ንጉሥና ዋና ዳኛም አያ ጅቦ ናቸው። ያን ጠዋት ወደ ችሎት የመጡት አርፍደው ነበር፤ ሲቀመጡም ሆዳቸውን ቀስ አድርገው ደግፈው ነው የተቀመጡት። ከንፈራቸው ያብረቀርቃል። ከመቀመጣቸውም፣ «የንጉሥ ንብረት የደፈረ ሌባ በመካከላችን አለ። አውጫጭኝ ይሁን!» ብለው አዘዙ።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ሌባው እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ አንድ አጥር ገብቶ ይቀመጣል፤ መብላት የለ፣ መጠጣት የለ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሌባው ካልታወቀ እያንዳንዱ ወገን አንድ ልጅ ይከፍላል። የግራር እሾህ ታጠረና ገባን፤ ድኩላው፣ ከርከሮው፣ ጎሹ፣ ቆቁ፣ መምህራኑም ሳይቀሩ። ሥጋ በሊታ የሆነ ሁሉ አጥር ለመጠበቅ ስለተፈለገ ከውጭ ቀረ። እመት ቀበሮ ብቻ ከመምህርነታቸው የተነሣ ከእኛ ጋር ገቡ። ከጃርት ወገን የቀረነው እኔና አንድ ልጄ ነበርን።

የመጀመሪያው ቀን የክብር ቀን ነበር። ተማርን ማለት ለዚህ ነው ብለን በክርክር ተጠመድን። መምህር ዔሊ ተነሡና፣ «ሣር በሊታ ታፋ አይሰርቅም! ይህን ፈጣሪ በጥርሳችን ላይ ጽፎታል። በዚህ አጥር ውስጥ ያለን ሁላችንም ንጹሓን ነን» አሉ። መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ በኮቴያችን አጨበጨብን። አጥሩን የሚጠብቅ አንድ ጅብ በዚህ መካከል አዛጋ፤ በጥርሱ መካከል የተሰነቀረውን ሁላችንም አየነው። አይተንም ወደ መምህሩ ዞር አልን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

በሁለተኛው ቀን ፀሐዩ በረታ። የድኩላ ግልገል በጉልበቷ ወደቀች። አለቃ ዝንጀሮ ድምፃቸው እየሻከረ፣ «ዐዋጁን በደንብ እንመልከተው» አሉ። «ሌባው ይታወቅ ይላል። ሌባው ሥጋ በሊታ ይሁን አይልም። የመምህር ዔሊ ንግግር ያማረ ስብከት ነው፤ ከትእዛዙ ውስጥ ግን የለም።» እመት ቀበሮ ደግሞ ጥላ ያለባትን አንዲት ጥግ ይዘው ተጋድመው ነበርና ሳይነሡ፣ «ዳኛው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በራሱ ላይ አይፈርድም። እንግዲህ ጥያቄው ማን ሰረቀ ሳይሆን ማንን ብንሰጠው ይቀበላል ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ማንም ግን አልተቃወማቸውም፤ ትርንጎ ብቻ፣ «እመቴ፣ እንዲህ ከሆነ የተማርነው ሕግ ነው ወይስ አደን?» አለች። ድምጿ ደርቋል፣ ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ ነበር፤ ክርክር ትወድ ነበርና።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ማልቀሱን አቆመ። ከልቅሶው ዝምታው ባሰብኝ። አፍንጫው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ስጠራው ጆሮው ብቻ ትነቃነቃለች። ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነው።

ስሟን መጀመሪያ የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን እስከ መጨረሻ ሸሽጌ ላስደንቃችሁ እችል ነበር፤ የሚያስደንቅ ነገር ግን የለውም። ተነሣሁና በትምህርት ቤት እንደማደርገው ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ «መምህራን፣ ለትምህርት ያህል አንድ ጥያቄ ልጠይቅ» አልኩ። «በመካከላችን ወገን የሌላት፣ ብትሄድ ልጅ የማይቀርባት፣ ለምሳሌ ያህል ትርንጎ፣ ሌባዋ እሷ ናት ቢባል በሦስቱ ትምህርቶች ጉዳዩ እንዴት ይታያል?»

ትርንጎ ሳቀች። ክፍል ውስጥ ያለን መስሏት ነበር። «ጥሩ ምሳሌ ነው» አለች፤ «በመምህር ዔሊ ትምህርት ክሱ ውድቅ ነው፤ በዕድሜዬ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም። በአለቃ ዝንጀሮ ደግሞ…» አለችና ዞር ዞር ብላ አየችን። ከእሷ በቀር የሚስቅ አልነበረም። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ጠፋ። ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ፤ እስክሞትም የማየው ይመስለኛል።

«በእኔ ትምህርት፣» አሉ አለቃ ዝንጀሮ ወደ መሬት እያዩ፣ «ሌባ የሚባለው ዳኛው ሌባ ያለው ነው። ዳኛው ካለ ሕጋዊ ነው።» እመት ቀበሮ፣ «ይላል። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ለምሳው ቸኩሏል» አሉ። ከዚያ ሁላችንም ወደ መምህር ዔሊ ዞርን። እውነቱን ልናገርና፣ እሳቸው አይሆንም ቢሉ ኖሮ እናፍር የነበር ይመስለኛል። ሽማግሌው አንገታቸውን አወጡ፣ መለሱ፣ እንደገና አወጡ። የወደቀችውን ግልገል አዩ። በመጨረሻ፣ «የብዙዎችን ነፍስ ማዳንም… ከተፈጥሮ ሕግ ይቆጠራል» አሉና ራሳቸው ወደ ውስጥ ገባ።

ትርንጎ አላለቀሰችም፣ አልለመነችንምም። «ይሁን» አለች። «በምስክር አይደለም የምሞተው፣ በትምህርት ነው። እንግዲያው በየትኛው እንደሆነ ንገሩኝ። ተማሪ ነኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጥያቄው መምህራኑን አጋጨ። አለቃ ዝንጀሮ በእኔ ነው አሉ። እመት ቀበሮ፣ ያለ እኔ ዳኛውን ማን ያውቀው ነበር አሉ። መምህር ዔሊም ከቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው የተፈጥሮን ሕግ ለሁለቱ አሳልፈው እንደማይሰጡ ተናገሩ። ውሃ ጥማቱን ረስተው ተሟገቱ። ክርክሩ ሳያልቅ እኛ ወደ በሩ ጮኽን፤ ሌባዋ ተገኝታለች አልን። በሩ ተከፈተና አያ ጅቦ ገቡ።

ትርንጎን ሊይዟት ሲሉ፣ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ይህ ቃል በአገራችን ከትምህርት ቤቱም ከዐዋጁም በፊት የነበረ ነው። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን እግር ያለው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። አያ ጅቦም ቆሙ። አንድ እግራቸውን እንዳነሡ፣ እንደተነሣች ቀረች። አጥር ጠባቂዎቹ ቆሙ፣ ክርክሩ ቆመ። አሥር ጊዜ ያህል ተነፈስኩ። በዚያ መካከል አንዳችን ሣር በሊታ ናት ብንል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ የማውቀው ያ ጅብ ግራና ቀኝ ሲያይ እንደነበርና ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት እንደነበረ ነው። እኔ ወደ ልጄ አየሁ። ሁሉም ወደ ልጁ አየ። ዳኛውም የሚናገር እንደሌለ አረጋገጡና እግራቸውን መሬት አሳረፉ።

አጥሩ ተከፈተና ወደ ወንዙ ሮጥን። ልጄ ጠጣ፣ እኔም ጠጣሁ። ውሃው ጣፋጭ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ከራስ በላይ ነፋስ ነው።

ትምህርት ቤቱ በሳምንቱ ተከፈተ። የሚዳቋዋ ጉዳይ የሚል አዲስ ትምህርት ተጨመረ፤ ሦስቱም መምህራን የየራሳቸው ትምህርት ትክክል መሆኑን የሚያስረዱት በእሱ ነው። በፈተናው አንደኛ ወጣሁ። አጥሩ ለሌላ ጊዜ ይጠቅማል ተብሎ አልፈረሰም፤ ግራሩ ከጊዜ በኋላ ሥር ሰድዶ ለመለመ።

ዘንድሮ ደግሞ ከንጉሡ ቤት አንድ ነገር ጠፋ ተባለ። ምን እንደጠፋ የጠየቀ የለም። ጅቦቹም ሊነዱን አልመጡም፤ በገዛ እግራችን መጥተን አጥሩ ውስጥ ገባን። እያንዳንዱ ወገን ልጆቹን መሐል አድርጎ ተቀመጠ። የእኔ ልጅ አድጎ፣ አንድ ቀን ፊቴን ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ ገደሉን ተሻግሮ ሄዷል። ከጃርት ወገን በዚህ ጫካ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ይህን የምነግራችሁ ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ገና እኩለ ቀን አልሆነም። ክርክር የለም፣ ንግግር የለም፣ ሁሉም ነገሩን ቤቱ ጨርሶ የመጣ ይመስላል። የከርከሮ ቤተሰብ ሁልጊዜ ከአጠገቤ ነበር የሚቀመጠው፤ ዛሬ ራቅ ብሏል። በመጀመሪያ እሾኼን ፈርተው ነው ብዬ ነበር። ዙሪያዬን ሳይ ግን በአራቱም በኩል ባዶ መሬት ነው።

ተነሣሁ። እሾኼ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ተነሣ። «ወገኖቼ» አልኩ፤ «ሕግ ንጉሥ ከመንገሡ በፊት ነበረ። ፈጣሪ በየልባችን ያስቀመጠው ትክክል አለ። ያላጠፋን አሳልፎ መስጠት…»

ከኋላ አንድ ወጣት ድኩላ፣ ተማሪ ይመስለኛል፣ በትሕትና ብድግ አለ።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «እሱን ተምረነዋል።»