ቢጫዋ ዓሣ አፏን እስክትከፍት

ጆሮ ያለው ያቅርብ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ደሴ ከተማ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት በክረምት ወር፣ ይመር የሚባል ሰውዬ አንዲት ነገር ፈለገ። የፈለገው ትልቅ ነገር አይደለም። አንዲት ዓሣ አፏን ስትከፍት ፎቶ ማንሣት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የይመር ሚስት ሉባባ ሳሎኗ ውስጥ አንድ የመስታወት ገንዳ ነበራት። በገንዳው ውስጥ ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ የሆነ፣ ሲክሊድ የሚባሉ ዓሦች ይኖራሉ፤ የኛው ቀረሶ ዓሣ የሥጋ ዘመዶች ናቸው፣ ግን ቀለም ውስጥ ተነክረው የወጡ ነው የሚመስሉት። ሉባባ ውሃቸውን ታሞቃለች፣ ድንጋያቸውን ትደረድራለች፣ በየቀኑ ፎቶ ታነሣቸዋለች። ዘር እንዲተኩላት አራት ዓመት ጠበቀች። አልሆነም።

ከዚያ አስሟ በረታ። ሐኪሙ «የደሴ ብርድ አይስማማሽም፣ ወደ ሞቃት አገር ውረጂ» አላት። ኮምቦልቻ፣ እህቷ ቤት ወረደች። ይመር ግን ዓሦቹን የሚያይ ሰው ስለሌለ ቀረ። እሷ በወረደች በአራተኛው ቀን ቢጫዋ ዓሣ እንቁላል ጣለች፤ አንድ በአንድ ለቅማም በአፏ ያዘችው። እነዚህ ዓሦች ልማዳቸው ነው። የሚታቀፉት በአፋቸው ነው። ሦስት ሳምንት ምግብ አይቀምሱም፤ ቀኑ ሲደርስ አፋቸውን ከፍተው ልጆቻቸውን ይለቃሉ።

ይመር ደውሎ ነገራት።

«አራት ዓመት ጠብቄ፣ ልክ እኔ ስወጣ?» አለች። ቀጥላም፣ «ይመርዬ፣ አፏን ስትከፍት ፎቶ አንሣልኝ። ሌላ ምንም አልልህም።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። አራተኛው ገባ። የቢጫዋ ጉንጭ አብጧል፣ ሆዷ ግን ከጀርባዋ ተጣብቋል። ይመር ገንዳው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ክፈቺ እንጂ፣ እናቴ» ይላታል። እሷ እንዳትከፍት ባሏ ሰማያዊው ዓሣ ፋታ አይሰጣትም። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ያሯሩጣታል። ብትለቃቸው ይበላቸዋል። በመረብ አውጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ እንዳያስቀምጣት፣ የደነገጠች እናት ልጆቿን ትውጣለች። ያለው መላ አንድ ነው፤ ገንዳውን መሀል ለመሀል በመስታወት መክፈል።

መስታወት ቆራጩ ሙሄ ዘንድ ሄደ።

«ሙሄ ወንድሜ፣ ሰማያዊው አይርቅ፣ ቢጫዋ አፏን አትከፍት፣ እኔ ፎቶ አላነሣ፣ ሉባባም አታይ። አንድ መስታወት ቁረጥልኝ።»

ሙሄ እጁን ዘርግቶ ለሁለት የተሰበረ መነጽር አሳየው። «እኔስ ምን ከፋኝ! ግን ይኸው። ያለ መነጽር ብቆርጥ የምቆርጠው ጣቴን ነው። የሺእመቤት ትጠግነው ነበር፤ እሷም ሱቋን ከዘጋች አምስት ቀኗ።»

ይመር መነጽሩን በመሐረብ ጠቅልሎ የሺእመቤት ቤት ሄደ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

«የሺ፣ መነጽሩ አይጠገን፣ ሙሄ አይቆርጥ፣ ሰማያዊው አይርቅ፣ ቢጫዋ አፏን አትከፍት፣ እኔ ፎቶ አላነሣ፣ ሉባባም አታይ። እባክሽ ሱቅሽን ክፈቺ።»

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እማማ እህል አልቀምስም ካሉ አምስት ቀናቸው። በውሃ ብቻ ነው ያሉት። ትቻቸው ብወጣና አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

እናቷ እማማ ዘነቡ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ግባ፣ ልጄ» አሉት። ገባ። ፊታቸው የእጅ መዳፍ አክሏል።

«እማማ፣ እርስዎ አይጎርሱ፣ የሺ ከቤት አትወጣ፣ መነጽሩ አይጠገን፣ ሙሄ አይቆርጥ፣ ሰማያዊው አይርቅ፣ ቢጫዋ አፏን አትከፍት፣ እኔ ፎቶ አላነሣ፣ ሉባባም አታይ። ስለ ማርያም አንድ ጉርሻ ይቅመሱ።»

«እህቴን አስካለን ሳላይ አልጎርስም» አሉ። «ኩታበር ናት። ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም። በስልክ እንዳላናግራት ጆሮዬ ደክሟል። ዓይኔ ሳይደክም ፊቷን ልየው።»

የሺእመቤት ይመርን እስከ ደጅ ሸኘችው። አስካለ ጉልበታቸው አያራምዳቸውም። መንገዱን ደግሞ ዝናቡ አበላሽቶት ሚኒባስ አይገባበትም። ያን ጭቃ የሚደፍር የአራጋው ፒክአፕ ብቻ ነው፤ አራጋው ግን ወደ ኩታበር አልነዳም ብሏል።

«ለምን?»

«እሱን ጠይቁት፣ ጋሼ። እኔ ብጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ።»

አራጋው መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ የታጠበ መኪናውን እንደገና ያጥባል። ይመር ዣንጥላውን አጥፎ ጀመረ።

«አራጋው፣ አንተ አትነዳ፣ አስካለ አይመጡ፣ እማማ ዘነቡ አይጎርሱ፣ የሺ ከቤት አትወጣ፣ መነጽሩ አይጠገን፣ ሙሄ አይቆርጥ፣ ሰማያዊው አይርቅ...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አራጋው። «ሰማያዊው ማን ነው?»

«ዓሣ ነው። ሰማያዊው አይርቅ፣ ቢጫዋ አፏን አትከፍት፣ እኔ ፎቶ አላነሣ፣ ሉባባም አታይ።»

አራጋው ሊስቅ ብሎ ተወው። ጨርቁን ጨመቀ። «ጋሽ ይመር፣ ወልድያ በሉኝ፣ ባቲ በሉኝ፣ አደርሳለሁ። የኩታበር መንገድ ግን ይቅርብኝ። አምና ሐምሌ ሚስቴን ትሁንን ይዤያት ሄድኩ። ወላጆቿ ዘንድ ልታገግም ነበር። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እየቀለደችብኝ። በሳምንቱ እዚያው ቀበርናት። ባዶውን ወንበር ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ያን መንገድ ከባዶ ወንበር ጋር አልሄድበትም።»

ይመር ቤት ያለውን የሉባባን ወንበር አሰበ። እሱም ስትሄድ ከነበረበት አላንቀሳቀሰውም፤ አልተቀመጠበትምም። ዝናቡ ካፊያ ሆነ። ይመር ዞሮ የመኪናውን በር ከፈተና ገባ። ዣንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ምን እየሆኑ ነው?» አለ አራጋው።

«ተቀመጥኩ። ደርሶ መልስ አብሬህ ነኝ።»

አራጋው በመስኮቱ አየው። ከዚያ ባልዲውን ደፋ።

ኩታበር ሲደርሱ አራጋው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቆመ፤ ወርዶ ገባ። ይመር ካፊያው ውስጥ ቆሞ ጠበቀው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ትከሻው ግን ወርዷል። «በሉ፣ አሮጊቷን እንውሰድ» አለ። ያን ጊዜ የተያያዘው ሁሉ ይፈታ ጀመር።

አራጋው ነዳ፣ አስካለ መጡ። እህትማማቾቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ሲላቀሱ አስካለ በገዛ እጃቸው ጠቅልለው አጎረሱ፤ እማማ ዘነቡ ጎረሱ። የሺእመቤት ከቤት ወጣች፣ መነጽሩ ተጠገነ፣ ሙሄ ቆረጠ፤ ጠርዙንም ማንንም እንዳይጎዳ ሞረደው። መስታወቱ ገንዳው መሀል ገባ፣ ሰማያዊው ራቀ። ቢጫዋ ግን...

ቢጫዋ አልከፈተችም።

የመጀመሪያው ቀን አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሰማያዊው በወዲያኛው በኩል መስታወቱን በአፍንጫው እየገጨ ሰለቸውና ተወው። ይመር ካሜራውን ይዞ በርጩማው ላይ ዋለ። ሉባባ ደውላ «እህ?» ትላለች። «ገና ነው» ይላታል። ሁለቱም ስልኩን አይዘጉትም። የገንዳው ውሃ ሲንቦጫቦጭ በስልኩ ትሰማዋለች፤ እሱም ትንፋሿን ይሰማል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ገለል ብሎ መስኮቱ ፀሐይ ሲያስገባ፣ ቢጫዋ ከድንጋዩ ሥር ወጣች። አንዴ አዛጋች። የሩዝ ፍሬ የምታህል አንዲት ነገር ሾልካ ወጣች፤ ጅራት አላት፣ ዓይን አላት። ሌላ ተከተላት። ከዚያ ደመና ሆነው ወጡ። ይመር ደንግጦ ሲነሣ ጥላውን አይተው ተመልሰው አፏ ውስጥ ጥልቅ! እሱም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ትንፋሹን ዋጠ። አፏን እንደገና ከፈተች፤ ይመርም ፎቶ አነሣ።

ሙሄ በተጠገነ መነጽሩ ዓሦቹን እየጠበቀ እንዲውል ቁልፉን ተረከበ። ይመር ፎቶውን አሳጥቦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ሉባባን በረንዳ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀለሟ ተመልሷል። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ እጇን ዘረጋች። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቀናችው። ልጆቹን በጣቷ እየነካች መቁጠር ጀመረች፤ አሥራ ሰባት ላይ ጣቷ ቆመ።

«ምነው?» አላት። «ጥሩ አልወጣም?»

«አንተም አለህበት» አለች።

ጎንበስ ብሎ አየ። መስታወቱ የገዛ ፊቱን መልሶ ጥሎበታል። ከትንንሾቹ ዓሦች ኋላ፣ ከውሃው ውስጥ የሚያይ የሚመስል፣ ጢሙ ያደገ፣ የከሳ ፊት።

«አበላሸሁት» አለ።

ሉባባ ዓሦቹን ትታ ያን ፊት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ረዳት «ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ይመር ወደ መንገዱ ዞሮ አየ፤ ሉባባ የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። መኪናው አንድ ሰው ጎድሎት ሄደ። እኔም ወሬዬን እዚያው በረንዳ ላይ፣ አጠገባቸው አስቀምጬ መጣሁ።