የማመንጫው ቁልፍ

በአንድ ወቅት መብራቷን ከገዛ ወንዟ የምታገኝ አንዲት መንደር ነበረች። ትንሿን የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ይርዳው ነበሩ። በቦዩ ውስጥ ያለውን የብረት ወንፊት ቅጠልና ጭራሮ ሲደፍነው ውሃውን ይዘጉና፣ ጋቢያቸውን በመዝጊያው መዘውር ላይ ሰቅለው ሊጠርጉ ይወርዳሉ። ጋቢው ካለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው፤ ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።

አንድ የገበያ ቀን ባለወፍጮው ጓንጉል፣ አስፈጪው ተሰልፎ መብራት ቢዘገይበት፣ ጋቢውን አንስቶ ወረወረና ውሃውን ለቀቀው። ጋሽ ይርዳው ወንፊቱ ላይ ተጣብቀው ሞቱ። ጓንጉል ሽማግሌ ፊት «ጋቢ የሚባል አላየሁም» ብሎ ማለ፤ አምነው አሰናበቱት። እኔ ብሆን አልለቀውም ነበር።

የጋሽ ይርዳው ባለቤት እማማ የሻረግ የማመንጫውን ቁልፍ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ። «ለጊዜው ተራ በተራ ሥሩ» አሏቸው ሦስቱን ልጆቻቸውን። «የአባታችሁን ደም የመለሰ ግን ቁልፉ የሱ ነው።»

በኩሩ ቢያድግልኝ አልቆየም። ወደ ወፍጮው የሚሄደውን ሽቦ አውርዶ ጠቀለለው። ወፍጮው ቆመ፣ ጓንጉልም ከሰረ። የመንደሩ ሴቶችም እህል ተሸክመው የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዱ ጀመር። ሲለምኑት «አባቴስ ይመለሳል?» አላቸው።

መካከለኛዋ ትሁኔ ቤት ለቤት ዞረች። «አባቴን የቀበረ ሰው የጓንጉልን ደጅ እንዳይረግጥ!» ሰው ሰማት። የጓንጉል እናት ሲሞቱ ዕድሩ ድንኳን አልተከለም፤ ልጃቸው ብቻውን ቆፍሮ ቀበራቸው። አሮጊቷ ምን አጠፉ? ትሁኔን ይህን የጠየቃት የለም።

ትንሹ አጥናፉ በተራው ቀን ጩኸት ሰማ። ጓንጉል በንዴት ቦዩን ሊያፈርስ መጥቶ፣ አዳልጦት ወድቆ፣ ውሃው ወንፊቱ ላይ አጣብቆታል። አጥናፉ መዘውሩን ያዘ፤ ግን አላዞረውም።

«ጋቢውን አይተሃል?»

«ዝጋው በእናትህ!»

«አይተሃል?»

ውሃው አገጩ ሲደርስ «አይቻለሁ! እያወቅሁ ነው የለቀቅሁት!» ብሎ ጮኸ። ወንዙ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሰሙት። አጥናፉ ውሃውን ዘግቶ ጎትቶ አወጣው። «ሂድ፤ የምትኖረው እኔ ስለፈቀድኩልህ ነው» አለው።

ሦስቱ እናታቸው ፊት ቆሙ።

«ያደኸየሁት እኔ ነኝ» አለ ቢያድግልኝ።

«ከሰው የለየሁት እኔ ነኝ» አለች ትሁኔ።

«ያናዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ አጥናፉ።

እማማ የሻረግ ትንሹን ልጃቸውን አፍጥጠው አዩት። «እጅህ ገብቶልህ ነበር» አሉና አለቀሱ። ከዚያ ቋጠሯቸውን ፈትተው ቁልፉን አወጡ።

በሉ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ የጋሽ ይርዳውን ደም የመለሰው የትኛው ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል?