ጣሳው፣ ጣሰውና ያልተጠራው ሕግ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ ላሟን ካገኛችኋት ጥጃዋን ፍቱላት፤ ጥጃዋ እስክትጠባ እናንተ እኔን ስሙኝ።

ወፍ ውሃ በምትባል መንደር ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ሴት ልጅ ተገላገለች። ጨቅላዋ ስትወለድ አንዴ ጮኸች፤ ማዶ ያለው ወፍጮ ቀጥ አለ። ባለወፍጮው መብራት የሄደ መስሎት ቤቱን ዘግቶ ገባ። ጩኸቷ እንዲያ ይሁን እንጂ ፍላጎቷ ትንሽ ናት፤ ከእናቷ ጡት አንድ ጉንጭ ወተት። ሌላ ምንም።

እንገሩን ጠባች፣ ተኛች፣ ነቅታ ደግሞ ጠባች። ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ተረትም አይወጣው ነበር። ጣሰው መጣ እንጂ።

ጣሰው የዱቄት ወተት የሚሸጥ የከተማ ሰው ነው። ጫማው ከማብራቱ የተነሣ ዝንብ አርፋበት መልኳን አይታ ትሄዳለች። ምላሱ ደግሞ ከጫማው ይለሰልሳል። በአገሩ ደንብ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የያዘውን መመለስ ነውር ነው፤ ጣሰውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገባና አንድ ጣሳ መደቡ ላይ አኖረ። የእናት ጡት ውሃ ነው፣ ልጅን አንበሳ የሚያደርገው ይኸ ነው፣ ካላመናችሁ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ሥዕል እዩ ብሎ ወጣ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሕፃን ጉንጩ ከመነፋቱ የተነሣ ጆሮው የት እንደገባ አይታወቅም። አንጓች አመነች። ጣሳው ተከፈተ። ጨቅላዋ ጡጦ ስትለምድ ጡትን ረሳች፤ ጡትም ተቀየመ።

ጣሳው መጉደል ሲጀምር ጉዱ መጣ። የመጀመሪያው በስጦታ ገባ፤ ሁለተኛው ግን በሬ ያሸጣል። አንጓች ዱቄቱን እየቀነሰች ውሃውን አበዛች። የጨቅላዋ እግር እንደ ስንደዶ ቀጠነ። ለቅሶዋም ቀጠነ፤ ደምለውን ያስፈራው ይኸኛው ነው። ወፍጮ ያቆመች ልጅ አሁን ትንኝ አታባርርም።

ደምለው ጋቢውን አጣፍቶ በጡት ፊት ቆመ።

ጡት ሆይ፣ እባክህ ና፣ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች አለው።

«ላምህ እንኳ ጥጃዋ ሳይጠባት አታወርድም» አለ ጡት። «እኔ ሲጠቡኝ እመጣለሁ እንጂ ሲያዩኝ አልመጣም። ልጅህ ሆድ ውስጥ ጣሳ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ እሱን አስወጣ።»

ደምለው ወደ ጣሳው ዞረ። ጣሳ ሆይ፣ ከቤቴ ውጣልኝ፤ ጡት ካልተጠባሁ አልመጣም ብሏል፤ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች አለው። ጣሳው አልወጣም አለ። ደምለው አንሥቶ ወደ ውጭ ወረወረው፤ አንጓች ያን ጉንጫም ሕፃን እያሰበች ሄዳ አነሣችው። ጣሳውም መደቡ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ አየህ፣ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ እኔን የሚያስወጣ የለም አለው።

ደምለው ወደ ጤና ኬላው ሄደ። ሥዕል ሆይ፣ ከግድግዳው ውረድልኝ፤ ጣሳው ከቤት አልወጣም ብሏል፤ ጡት ካልተጠባሁ አልመጣም ብሏል፤ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች አለው። ሥዕሉ ጉንጩን ይበልጥ ነፋ። አልወርድም፤ የተለጠፍኩት በስንዴ ሙጫ ነው፣ በጥፍር ብትለኝ በማጭድ ብትለኝ ንቅንቅ አልልም፣ እኔን የሚያወርደኝ የፍየል ጥርስ ብቻ ነው አለ።

ደምለው ወደ ፍየሏ ሮጠ። ፍየል ሆይ፣ ሥዕሉን ብዪልኝ፤ ሥዕሉ ከግድግዳ አልወርድም ብሏል፤ ጣሳው ከቤት አልወጣም ብሏል፤ ጡት ካልተጠባሁ አልመጣም ብሏል፤ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች አላት። ይህች ፍየል የጎረቤት ጣራ የበላች፣ የቄስ ጥምጥም የቀመሰች፣ በሠርግ ላይ የሙሽራ ሚዜ ክራቫት የጨረሰች ናት። ዛሬ ግን ጢሟን አነቃነቀች። ጣሰው አሞሌ አልሶኛል፤ የላሰ ምላስ አይነክስም አለች።

ደምለው ወደ ውሻው ሄደ። ውሻ ሆይ፣ ፍየሏን አባርርልኝ፤ ፍየሏ ሥዕሉን አልበላም ብላለች፤ ሥዕሉ ከግድግዳ አልወርድም ብሏል፤ ጣሳው ከቤት አልወጣም ብሏል፤ ጡት ካልተጠባሁ አልመጣም ብሏል፤ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች አለው። ውሻው በአፉ የግመል ጭን የሚያህል አጥንት ይዟል። ለመናገር አጥንቱን መሬት አኖረና በእግሩ ረገጠው፤ ጣሰው ነው የሰጠኝ፣ አጥንት የያዘ አፍ አይጮህም ብሎ መልሶ ያዘው።

ቀጥሎ የጤና ኬላው ዘበኛ አያ ቢሻው ነበሩ። አያ ቢሻው በዱላቸው ጅብ ያስለመኑ ሰው ናቸው፤ ይህን ጅቡም ያወራዋል። አንቱ አያ ቢሻው፣ ውሻውን ይምቱልኝ፤ ውሻው ፍየሏን አላባርርም ብሏል፤ ፍየሏ ሥዕሉን አልበላም ብላለች፤ ሥዕሉ ከግድግዳ አልወርድም ብሏል፤ ጣሳው ከቤት አልወጣም ብሏል፤ ጡት ካልተጠባሁ አልመጣም ብሏል፤ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች አላቸው። አያ ቢሻው አዲስ ኮፍያ አድርገዋል፤ ግንባሩ ላይ ጣሳ ተሥሎበታል።

«የቱ ውሻ?» አሉ። «የቱ ሥዕል? ልጄ፣ ይህን ኮፍያ ጣሰው ካለበሰኝ ወዲህ ጥላው ዓይኔ ላይ እየወደቀ ምንም አይታየኝ። ሕጉ ካዘዘኝ እመታለሁ። ኬላው ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቶልሃል፤ ሂድና ቀስቅሰው።»

ደምለው ቁምሳጥኑን ከፈተ። ሕጉ አቧራ ተከናንቦ ያንኮራፋል፤ ሲተነፍስ መጋረጃው ወጣ ገባ ይላል። ጌታዬ ሕግ፣ ይነሡልኝ፤ አያ ቢሻው ውሻውን አልመታም ብለዋል፤ ውሻው ፍየሏን አላባርርም ብሏል፤ ፍየሏ ሥዕሉን አልበላም ብላለች፤ ሥዕሉ ከግድግዳ አልወርድም ብሏል፤ ጣሳው ከቤት አልወጣም ብሏል፤ ጡት ካልተጠባሁ አልመጣም ብሏል፤ ጨቅላዋ አንድ ጉንጭ ወተት ብላ ታለቅሳለች። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ብሎ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ።

ሕጉ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አንተ የመጣኸው ልትለምነኝ ነው» አለው። «ሕግ አይለመንም፤ ይጠራል። የተበደለው ራሱ፣ በተበደለበት ቦታ ይጥራኝ።»

ገልበጥ ብሎ ተኛ።

ደምለው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እየሄደም፣ ጡት ካልጠቡት አይመጣ፣ ሕግ ካልጠሩት አይመጣ፣ የኔ ልጅ በሁለት ኩሩዎች መካከል ልታልቅ ነው እያለ ያጉረመርማል።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ጣሰውን። ሁለተኛውን ጣሳ ታቅፏል፤ ዓይኑ ግቢው ውስጥ ከታሰረው በሬ ላይ ነው።

«እቱ አንጓች» ይላል፣ አንድ እግሩን ወደ መድረኩ አንሥቶ፣ «ልጅ ይበልጣል ወይስ በሬ? በሬውን እነዳለሁ፣ ጣሳውን አኖራለሁ። ጡትሽ እንደሆነ ደርቋል።»

አንጓች ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና ጣሳውን አየች። ያን ጉንጫም ሕፃን አሰበች። ዝቅ ብላ የልጇን ስንደዶ እግር ያዘች፤ እጇ ውስጥ ጠፋባት። ቀና አለች። አልጮኸችም።

«በሕግ አምላክ» አለች።

ይህችን ቃል አገሩ ያውቃታል። ይህችን ሲሏት የተመዘዘ ጎራዴ አየር ላይ ይቀራል፣ የሚወርድ ጎርፍ ልለፍ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጣሰውም አንድ እግሩን እንዳነሣ እንደ ሽመላ ቀረ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሕጉ ብድግ ሲል ራሱን በጣራው መታ። አቧራውን እያራገፈ፣ አጥር እየዘለለ መጣ።

«ማን ጠራኝ?»

«እኔ» አለች አንጓች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጣሰው።»

«ምኑን?»

«እርስዎን።»

«እኔን? ማን ጣሰው?»

«ጣሰው ነዋ።»

«ሴትዮ፣ መጣሱንማ ሰማሁ። የጣሰው ማነው?»

«የጣሰው ጣሰው ነው። ጣሳ ታቅፎ ባንድ እግሩ ቆሞልዎታል።»

ሕጉ ጣሰውን ከጫማው እስከ ምላሱ አየው። እናት ለሌላት ሕፃን ሐኪም ያዘዘላትን ጣሳ አልከለክልም አለ። ግን አራስ ቤት ስጦታ ይዞ ገብቶ፣ ጤና ኬላ ላይ ሥዕል ለጥፎ፣ ከፍየል እስከ ዘበኛ አፍ አሲዞ ጡትን ከልጅ ማጣላት፣ ይኸ ክልክል ነው። ደግሞም ፍየሏ የላሰችው አሞሌ ሳይቀር ይቆጠርብሃል አለው።

ከዚያማ ሕጉ ዘበኛውን አዘዘ፤ አያ ቢሻው ኮፍያቸውን አውልቀው ጣሉ፣ ዓይናቸው በራ፣ ዱላቸውን አነሡ፤ ውሻው ዱላውን ሲያይ አጥንቱን ጥሎ በፍየሏ ላይ ጮኸ፤ ፍየሏ መግቢያ ብታጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፣ እዚያው ከደረስኩስ ብላ ሥዕሉን ከጉንጩ ጀምራ በላችው፤ አንጓች የሥዕሉን ማለቅ ስትሰማ ጣሳውን ራሷ አንከባልላ አስወጣችው፤ ጣሳው ሲወጣ ጨቅላዋ ወደ ጡት ተጠጋች።

ሳበች። ምንም። አለቀሰች፤ ደግማ ሳበች። ምንም። ደምለው ትንፋሹን ያዘ፤ በሬው እንኳ ማመንዠኩን አቆመ። አንጓች የልጇን ግንባር እየዳበሰች፣ አይዞሽ፣ ጥሪው፣ ተቀይሞ ነው አለቻት። እንደገና ሳበች።

አንዲት ጠብታ መጣች። ሁለተኛዋ እሷን ፈልጋ መጣች። ከዚያ ሁሉም ተጠራርቶ መጣ፤ ከአፏ ተርፎ አገጯን አጠበ፣ ከአገጯ ተርፎ የደምለውን ጋቢ አራሰ፣ ከጋቢው የተረፈውን ድመቷ ትናገር። ደምለው እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ፤ በወተት ይሁን በእንባ የረጠበው አልተለየም።

ጣሰው እግሩን እንዲያወርድ ተፈቀደለት፤ እያነከሰ ወደ ከተማ ገባ። ጣሳው ታጥቦ የአንጓች ሽንብራ መስፈሪያ ሆነ። የጨቅላዋም እግር ሞላ። በኋላ አንድ ቀን ጡት ዘገየባትና አንዴ ጮኸች፤ ወፍጮው ቀጥ አለ፤ ባለወፍጮው ግን አሁን ለምዷል። ደጅ ወጥቶ «አንጓች፣ ኧረ አጥቢያት» ይላል። ትጠባለች፤ ዝም ትላለች፤ ወፍጮውም ይነሣል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ጣሳ ግን እንዳትልሱ።