ትሁኔና ወደ ጎረቤት ያዘነበለው ግድግዳ

ልጆች፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ቤት ከቤት ተጣብቆ በሚሠራበት አንድ ዳገታማ ከተማ፣ ትሁኔ የምትባል ሴት ነበረች። ታታሪ ናት፤ ግን ፈሪ ናት። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን ጥጥ እየፈተለች ታሳድጋለች። ጎረቤቷ አያ ደመላሽ ደግሞ ተጠራጣሪ፣ ቁጡ፣ ጦሩን ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር።

ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የግድግዳው ጫፍ በደመላሽ ግቢ በኩል ይወጣል። አንድ ክረምት፣ እዚያው ጫፍ ላይ ተሰነጠቀ።

ትሁኔ የደመላሽን በር አንኳኳች።

«አያ ደመላሽ፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ለግማሽ ቀን ከግቢዎ ልግባና ጭቃ ልምረገው።»

«ዛሬ ጭቃ ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ነገ መሬቱ የኔ ነው ትያለሽ። ሂጂ!»

በማግስቱ ስንጥቁ ጣት አስገባ። ሄዳ ለመነችው። «ሂጂ!» አላት።

በሦስተኛው ቀን እጅ አስገባ። ሄዳ ለመነችው። አሁን ጦሩን አነሣባት።

በአራተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። ቀትር ላይ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ቋ! አለ። ትሁኔ ትንፋሿን ያዘች። ደግሞ ቋ! አለ። ከጣራው አፈር ረገፈ። ልጆቿን እየጎተተች ወጣች።

ከውጭ ሆና ስታይ ግድግዳው ወደ ደመላሽ ቤት አዘንብሏል። ከግድግዳው ሥር የደመላሽ እናት እማማ አስካለ ታመው ተኝተዋል፤ ሳላቸውን ሁልጊዜ ትሰማዋለች።

«አያ ደመላሽ! እናትዎን ያውጡ! ሊናድ ነው!»

«ደግሞ በምን ልታታልይኝ መጣሽ?» አለ ከውስጥ።

ትሁኔ ጦሩን አሰበች። ልጆቿን አሰበች። መሸሽ አማራት። ያን ጊዜ እማማ አስካለ ሳሉ።

አጥሩን ጥሳ ገባች። ደመላሽ ጦሩን ደረቷ ላይ ደገነ። እያለቀሰች በጎኑ ሾልካ አለፈች፤ አሮጊቷን አዝላ ሮጠች። እሱም እየጮኸ ተከተላት። ገና ደጁን እንደረገጡ ግድግዳው ተናደ፤ ሁለቱንም ቤት ይዞ ወረደ።

ደመላሽ ተንበርክኮ የእናቱን ፊት ዳበሰ። ይተነፍሳሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎች፣ «ሁለቱንም ቤት በገዛ እጅህ ሥራ» ብለው ፈረዱበት። ሠራ፤ ትሁኔም ልጆቿን ይዛ ቤቷ ገባች። በመጨረሻ በትሁኔ ግቢ በኩል ያለውን የግድግዳ ጎን መምረግ ቀረው። ጭቃውን ተሸክሞ በሯ ላይ ቆመ፤ ማንኳኳት ግን አቃተው።

ትሁኔ አየችው። ዛሬም ትፈራዋለች። ቢሆንም ከፈተችለት።

«ይግቡ አያ፣ ጭቃው ሳይደርቅ።»

እና ልጆቼ፣ ቤቱን ሊጠግን የመጣን ጎረቤት በር አትዝጉበት፤ የእሱ ቤት ሲፈርስ የእናንተም አብሮ ይፈርሳልና። እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለጎረቤት ልጆች አድርሱልኝ።