ካሮት የተረፈበት ሳህን

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ምግብ የምታበስል፣ ለነገር መልስ የማታሳድር ሴት ነበረች። ልጆቹ ሩዙን ጠራርገው ይበሉና ካሮቱን ሳህናቸው ጥግ ይቆልሉታል። እሷም ትቆጣለች፣ ታባብላለች፤ ሲሆን ይሆናል፣ ሳይሆን ይቀራል።

አንድ ቀን አቶ ደምሰው የተባሉ የክፍለ ከተማ ኃላፊ ካሜራ ያዥ አስከትለው፣ ከሕፃናቱ ጋር ማዕድ ሊጋሩ መጡ። የተቆለለውን ካሮት ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ቅምጥል ሁላ! ከዛሬ ጀምሮ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምግብ ያስተረፈ ሁሉ ወላጁን ሳያመጣ እዚህ ግቢ እንዳይገባ! አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ ተቆጣጠሪ፤ አንድ ሰው ካሳለፍሽ ሥራሽን ልቀቂ!» አሉ።

የአንደኛ ክፍሏ ማህደር ካሮቷን እያየች ማልቀስ ጀመረች። እናቷ የቀን ሠራተኛ ናት፤ አንድ ቀን ከቀረች በቦታዋ ሌላ ሰው ይገባል። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች፤ ግን ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

ለኃላፊውም ምግብ ቀረበላቸው። ፎቶ እስኪነሱ አንድ ማንኪያ ካሮት ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ካሜራው ሲወርድ ማንኪያውም ወረደ። ከዚያ ሩዙን በልተው፣ ካሮቱን ወደ ጥግ ገፍተው ተነሡ።

ሴትዮዋ ከበሩ መጥታ ሳህናቸውን አንስታ አየችው።

«ጌታዬ፣ ይቺ ተርፋለች።»

«ካሮት ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም!» አሉ ቆጣ ብለው።

«እሱንማ» አለች፣ «ነገ ወላጅዎ መጥተው ያስረዱልን።»