የደጃዝማች ፒያኖና የሸዋንግዛው ጭማሪ

ይህን ያወሩልን የዚያን ዘመን ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ከሌላ ነው የሰሙት። ውሸት ከተገኘበት እንግዲህ የሁላችንም ነው፤ ተካፍለን እንሸከመዋለን።

አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ ያለው ቤት በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ደጃዝማች መንበሩ የሚባሉ ትልቅ ሰው አንድ ፒያኖ በባቡር ከጅቡቲ አስመጡ። ዕቃው ሲመጣ የሚመታው ሰው ስላልነበረ ለጥቂት ወራት የባርኔጣ ማስቀመጫ ሆኖ ቆየ። በኋላ ነው ሸዋንግዛው የተገኘው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ አንዲት መነኩሲት ፒያኖ ያስተማረችው፣ የፈረንጆቹን ዜማ ከወረቀት እያነበበ የሚመታ ቀጭን ሰው ነበር፤ ምላሱ ግን ከጣቶቹ ይፈጥናል። በዓለም ላይ ከፒያኖ የሚበልጥበት ነገር አልነበረም፤ የራሱ ፒያኖ ደግሞ የለውም። ያለው የደጃዝማች ነው፤ የክዳኑም ቁልፍ ከደጃዝማች ወገብ ላይ አይወርድም። ደስ ሲላቸው ይከፍቱለታል፣ ሲከፋቸው ይቆልፉበታል። እንዲህ ያለ ሰው ምላሱን መሰብሰብ ነበረበት፤ አልሆነለትም እንጂ።

የመጀመሪያው ዕለት መኳንንቱ ከምሳ በኋላ ተሰብስበው ሸዋንግዛው ያዘጋጀውን ሁሉ መትቶ ጨረሰ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ፈረንጅ እንግዳ እያጨበጨበ በተሰባበረ አማርኛ «ይደገም! ይደገም!» አለ። ደጃዝማች ክው አሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ የኔታ የሚያስደግሙት ተማሪ ሲሳሳት መሆኑን፣ ከዚያም ቀጥሎ አለንጋ እንደሚመጣ ነው የሚያውቁት። «አንተ ሰው፣ ምን ብታጠፋ ነው የሚያስደግሙህ? በእንግዳ ፊት አዋረድከኝ!» ብለው ተቆጡ። ሸዋንግዛው እጅ ነሥቶ እንዲህ አላቸው፦

«ጌታዬ፣ የኔታ ዘንድ ያጠፋው ተማሪው ነው፤ እዚህ ግን ያጠፋው ሰሚው ነው፤ መጀመሪያ ስመታ ሁሉም ያወራ ነበር።»

ደጃዝማች ሳቁ፤ እሱም ደገመ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዋናው ካለቀ በኋላ የሚመታውን ጭማሪ ሳይሰማ የሚነሣ እንግዳ ጠፋ። ጣጣውም እዚህ ላይ ጀመረ፤ ሸዋንግዛው ለጭማሪ የሚሆነውን ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ይመጣል፣ መኳንንቱ ደግሞ እኛ ካልመረጥን ይላሉ።

ከሁሉ የባሱት ነጋድራስ ጓንጉል ነበሩ። ሀብታቸው የማይነጥፍ፣ እጃቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። እሳቸው ቤት ግብር የተጠራ ሰው ሲመለስ ቤቱ ገብቶ እንደገና እራቱን ይበላል ይባል ነበር። አንድ ቀን ጭብጨባው ሳያባራ ተነሥተው «ጭማሪ እንደሆነ አይከፈልበት! ካለህ ሁሉ ረጅሙን ምረጥና ምታልን» አሉት። ሸዋንግዛው ተቀምጦ ካለው ሁሉ አጭሯን መታና ክዳኑን ከደነ። ነጋድራስ ጎምዘዝ አላቸው፤ «ምነው፣ ገና ጣሙ ሳይገባን!» ቢሉት፦

«ከእርስዎ የተማርኩት ነው፣ ነጋድራስ፤ እንግዳ ሳይጠግብ ማስነሣት!»

ነጋድራስስ ይሁኑ፤ ቢቀየሙም ቂማቸውን እንኳ ለሰው አይሰጡም። መዘዝ ያመጣበት ፊታውራሪ አንዳርጌ ላይ የተናገረው ነው። ፊታውራሪ የደጃዝማችን እኅት ያገቡ፣ ችሎት የሚያስችሉ ዳኛ ናቸው። ፒያኖው ሲጀምር ያንቀላፋሉ፣ ጭብጨባው ሲጀምር ይነቃሉ። በአንዱ እሑድ እንደ ልማዳቸው በጭብጨባ ነቅተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ አልወደድኩትም። ጭማሪው ሌላ ይሁን፤ ይህ ይበቃዋል» ብለው በየኑ። ሸዋንግዛው ያን ዕለት ከመታው ይበልጥ ያማረ መትቶ አያውቅም ነበርና አንጀቱ አረረ።

«ይግባኝ ብያለሁ፤ ግን ይግባኙን የሚሰማልኝ ያልተኛ ዳኛ ይፈለግልኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ፊታውራሪና ደጃዝማች ብቻ ናቸው። ደጃዝማች ብድግ ብለው ፒያኖውን በገዛ እጃቸው ቆለፉትና ሸዋንግዛው ከቤታቸው እንዳይደርስ አዘዙ።

ጾሙ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አልተከፈተለትም። ሰውየው ከሳ፣ ሳቅም ራቀው። ጠጅ ቤት እየገባ ሳይጠጣ ይቀመጥና በአሥሩም ጣቶቹ ጠረጴዛውን ሲነካካ ይውላል። የጠጅ ቤቷ እመቤት እትዬ ጥሩዬ አዝነውለት፣ ጠጋ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ዛሬስ ምን ሆነህ ነው ይህን እንጨት የምትደበድበው?» አሉት። ቀና ብሎ ሳያያቸው መለሰ፦

«ይኼ ቢያንስ የሚቆልፍበት ጌታ የለውም፣ እትዬ።»

ከፋሲካ በኋላ ግን ደጃዝማች ራሳቸው ላኩበት። አንድ ቆንስል በእንግድነት ሊመጣ ነው፤ ፒያኖ አለኝ ብለው ነግረውታል፤ ያለ ሸዋንግዛው ደግሞ ፒያኖው ባርኔጣ ከመሸከም ያለፈ ጥቅም የለውም። አስጠርተው ቁልፉን ፊቱ ላይ አንጠለጠሉለት።

«ስማ፤ ዛሬ ካልተጠየቅህ በቀር አፍህን እንዳትከፍት። ደስ ካሰኘኸኝ ይህ ቁልፍ ያንተ ነው፤ በፈለግህ ሰዓት ገብተህ ምታ። ካሳፈርከኝ ግን ፒያኖውን ለነጋድራስ እሰጠዋለሁ፤ እህል ይስፈሩበት!»

ሸዋንግዛው ዐይኑ እንባ አቀረረ። እሺ ብሎ ምሎ ተገዝቶ ገባ። ለጭማሪ የመረጠውም ተዘጋጅቶ ነበር፤ መነኩሲቷ ሲመሻሽ ብቻዋን ትመታት የነበረች፣ ትንሽ፣ ለስላሳ ዜማ። ከእሷ ሌላ ለዚያ ቀን የሚሆን የለም ብሎ ቆርጧል።

መታ፤ እንዴት አድርጎ መታ! ቆንስሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሸዋንግዛው ለጭማሪው እጁን ሲዘረጋ ግን ደጃዝማች ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጭማሪውን እኔ እመርጣለሁ። በቆላው ዘመቻ የሠራሁትን ጀብዱ ለቆንስሉ በፒያኖ ምታልኝ!»

መኳንንቱ አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። በቆላው ዘመቻ ዕለት ደጃዝማች ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ብለው ጦርነቱ እስኪያልቅ ከድንኳናቸው ብቅ እንዳላሉ የማያውቅ አልነበረም። ወሬው ግን በእሳቸው አፍ በየዓመቱ እየረዘመ፣ የገደሉት ሰውም እየበዛ ሄዶ ነበር።

ሸዋንግዛው ፒያኖውን አየው። አንድ ሰልፍ መሳይ ነገር ቢያንጎደጉድ ቁልፉ የሱ ነው፤ ይህን ያውቃል። ያቺ ለስላሳ ዜማ ግን ጣቶቹ ላይ ቀርታለች፤ እሷን ትቶ ውሸት መምታቱ አልዋጥ አለው። በቀስታ የፒያኖውን ነጫጭ መምቻዎች አንድ ጊዜ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በመዳፉ ዳበሳቸው። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ተቀመጠ፤ አሁንም ተቀመጠ። ቆንስሉ በአክብሮት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ነጋድራስ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ጀምሯል?» ይላሉ። ፊታውራሪ እንኳ ጸጥታው ሲበዛባቸው ከእንቅልፋቸው ነቁ። በመጨረሻ ሸዋንግዛው ተነሥቶ እጅ ነሣና ክዳኑን ከደነ።

ደጃዝማች ፊታቸው ደም መሰለ። «ምን ማለትህ ነው? የታለ የመታኸው? ተናገር!» ብለው ጮኹ።

«ጌታዬ፣ ያን ዕለት የሠሩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታሁልዎ፤ አንዲት አላስቀረሁም።»